ቀጫጭን ባሕር ዛፍን አጋጥሞ ጣውላ ስለ ማድረግ
(በደብረ ታቦር ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር)





ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። እኛ ግን ለንዋያተ ቅድሳት መደርደሪያ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ጣውላ ባስፈለገን ቁጥር ዓይናችን የሚያርፈው በዚሁ ደን ጥድና ዋንዛ ላይ ነው። ከቅጥር ውጭ ያለውን ባሕር ዛፍ ደግሞ «ቀጭን ነው፣ ጣውላ አይወጣውም» ብለን በቁሙ ለአጠና ነጋዴ እንሸጠዋለን።

ይወጣዋል። ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 8 በ8 የሆነ ሞራሌ ይሰጣል፤ ልቡን የያዘው መካከለኛው ክፍል ሲወገድ ከግራና ከቀኙ ሁለት ሳንቃ ይገኛል። ደርቆና ተልጎ ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር ቢቀር እንኳ፣ እንዲህ ያሉ 10 ሳንቃዎች ጎን ለጎን በኮላ ሲጋጠሙ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ገበታ ይሆናሉ።

አስቸጋሪው የዛፉ ጠባይ ነው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ያጠራቅማል፤ ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይለቀቅና ሳንቃው ይጎብጣል፣ ጫፉም ይተረተራል። ስለዚህ ግንዱ አስቀድሞ በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ይቆራረጥ፤ ጫፎቹ ወዲያው ቀለም ይቀቡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም እርጥብ ሳለ ይሰንጠቅ። ሳንቃዎቹ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብለው፣ በየመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየገባ ይደርደሩ፤ ከላይም ድንጋይ ይጫንባቸው።

የሚቸኩል ሁሉ የሚሰናከለው በማድረቁ ላይ ነው፤ እኔም ተሰናክዬበታለሁ። በክረምት ያጋጠምነው የመደርደሪያ ገበታ በታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ መጋጠሚያው ሳንቲም እስኪያስገባ ተከፈተ። ኮላውን አማረርን፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱን ሳንቃ ምልክት አድርገን በየሳምንቱ እንመዝናለን፤ ወደ አናጢው የምንወስደው ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ብቻ ነው። ይህም ወራት ይፈጃል።

በማጋጠም ጊዜ የሳንቃዎቹ የዕድገት ቀለበት አንዱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች እየሆነ ይፈራረቅ፤ ሁሉም በአንድ ወገን ከዞረ ገበታው በሙሉ እንደ ገንዳ ይጎብጣል። ተራው ነጭ ኮላ ዝናብ አይችልምና ለውጭ በር አይታሰብ።

ባሕር ዛፍ አስፋፉ ማለቴ አይደለም፤ በምንጭ አጠገብ የተተከለው አስቀድሞ ቢቆረጥ እወዳለሁ። የምንለምናችሁ ከሚቀጥለው የአጠና ሽያጭ በፊት ዛፋችሁን ቆጥራችሁ፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ለብቻው እንድትለዩ ነው።