ስለ ሐንስ ሉተር ድካምና ዕርቅ
በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



የኢዮቤልዩ በዓል የቀደሙት አባቶች ድካም የሚታሰብበት ቀን ነው። የማርቲን ሉተርን ስም በዚህ ማኅበር የማያውቅ የለም፤ አባቱን ሐንስን ግን የሚያስበው ጥቂት ነው።

ሐንስ በጀርመን አገር፣ ሞራ በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ወገን ተወለደ። በዚያ አገር ልማድ የአባትን እርሻ የሚወርሰው የመጨረሻው ልጅ ነበረ፤ ሐንስ ግን ታላቅ ስለ ነበረ ሞፈርና ቀንበሩን ለወንድሙ ትቶ እንጀራውን ከምድር በታች ሊፈልግ ወጣ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1483 በአይስሌበን ሳለ ማርቲን ተወለደለት፤ በሚከተለውም ዓመት ወደ ማንስፌልድ ሄደ።

የማንስፌልድ መዳብ የሚገኝበት ጥቍር ድንጋይ በምድር ውስጥ እንደ ስስ ንጣፍ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው መቆም ሳይቻለው በጎኑ ተጋድሞ ይፈለፍል ነበር፤ የወጣውም ድንጋይ በከሰል እሳትና በወናፍ ይቀልጥ ነበር። ሚስቱ ማርጋሬታም ከዱር እንጨት በጀርባዋ ትሸከም ነበር። ሐንስ በትጋቱ የማቅለጫ ምድጃ ጌታ ሆነ፤ በ1491ም ስለ ከተማው ሕዝብ ከሚቆሙት ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

በዚህ ድካም ባገኘው ገንዘብ ልጁን የሕግ ዐዋቂ ይሆንለት ዘንድ አስተማረው። ማርቲን ግን በ1505 በመብረቅ ደንግጦ፣ የማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ የምትባለውን ቅድስት ሐናን ጠርቶ ሊመነኵስ ተሳለ። ሐንስም እጅግ ተቈጣ። በ1507 ልጁ መጀመሪያ በቀደሰ ጊዜ ከ20 ፈረሰኞች ጋራ መጥቶ ለገዳሙ 20 ጉልደን ሰጠ፤ ነገር ግን በማዕድ ላይ ሳሉ፣ አባትና እናትን ስለ ማክበር የታዘዘውን አልሰማችሁምን ብሎ ጠየቃቸው።

ይህ ቃል በልጁ ልብ ተተክሎ ቀረ። በ1521 ስለ ምንኵስና ስእለት የጻፈውን መጽሐፍ በአባቱ ስም አቀረበ፤ የአባቱም ቃል ልቡን እንደ ወጋው በዚያ መሰከረ። በ1525 ማርቲን ባገባ ጊዜ ሐንስና ማርጋሬታ ወደ ዊተንበርግ መጥተው የሰርጉን ማዕድ ተካፈሉ። በ1530 ሐንስ ባረፈ ጊዜም ልጁ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ወደ ጓዳው ገባና አለቀሰ።

ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ ኢትዮጵያዊው ዲያቆን ሚካኤል ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ስለ ሃይማኖት የተነጋገረው ከዚህ የመዳብ ቆፋሪ ልጅ ጋራ ነበረ።

እንግዲህ ልጁ ካሰበለት መንገድ ስለ ወጣ ያዘነ አባት ቢኖር፣ ያለቀሰበትም ልጅ ቢኖር፣ ከሐንስ ይማር። ቍጣውን አልሸሸገም፤ ነገር ግን ከልጁ ማዕድ አልቀረም። በዕድሜ ሳሉ የታረቁ፣ በሞት ሲለያዩ የሚያለቅሱት በፍቅር እንጂ በጸጸት አይደለም።