ስለ ውጭ አገር ዕርዳታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው መንግሥታት ለሌላ አገር ስለሚሰጡት ገንዘብ ነው። ነገሩ የሩቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ በላዩ ተሻግሮበታል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ የታደሰውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የጃፓን ሕዝብ በከፈለው ግብር ነው። መሬቱ እየተንሸራተተ መንገዱን ደጋግሞ መጉዳቱን መንገደኛ ያውቀዋል፤ የተሰጠንን መጠበቅ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንም ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስተምረዋል።

ታዲያ ሰጪ ለማን ይሰጣል? የባሰ ለቸገረው ብቻ ነው ብንል ተሳስተናል። እስራኤልና ግብፅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 የሰላም ውል ከተፈራረሙ ወዲህ ከአሜሪካ ብዙ ገንዘብ ያገኙት ከሁሉ ይልቅ ደኽይተው አይደለም። በ2023 ደግሞ አንደኛዋ ተቀባይ ዩክሬን ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት በ1970 ባለጠጎች አገሮች ከገቢያቸው ከመቶ 0.7 እንዲሰጡ ወስኖ ነበር፤ እንግሊዝ ግን በ2027 ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታውቃለች። የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅትም በሰኔ 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ኢትዮጵያ ከፍ ያለ ድርሻ ከሚደርሳቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረችና ጉዳቱ በክሊኒኩና በስደተኛው መጠለያ ታየ።

በዚህ ነገር በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። እኩሌቶቻችን «ዕርዳታ ሰውን ያሰንፋል፤ የዓባይን ግድብ ያለ ባዕድ ብር ሠርተን የለምን?» አልን። እውነት ነው፤ ወላጆቻችን ቦንድ ገዝተውበታል። ነገር ግን የዓባይን ሸለቆ ለግድብ ያጠኑት እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መሐንዲሶች ነበሩ። ሌሎቻችንም «ራብ የገባበት ቤት ስንዴው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም» ስንል መለስን። አሸናፊ አልተገኘም።

አንድ ነገር ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። በመስከረም 1978 ዓ.ም. የሜክሲኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፥ እኛ ገና ከ1977ቱ ድርቅ ሳናገግም፥ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ላከ። ምክንያቱም ፋሺስት ኢጣልያ በወረረን ጊዜ ሜክሲኮ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ከጎናችን ቆማ ነበር። በአዲስ አበባ «ሜክሲኮ አደባባይ» እያልን የምንጠራውም ለዚሁ ውለታ ነው።