ቀላል ሕመም፣ ከባድ ጠባሳ፦ ሩቤላና በማሕፀን ያለ ፅንስ



ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ለሚወርድ ሰው የቀድሞው የአራዳ ኑሮ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ብዙው መንደር በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ሄዷል እንጂ፣ ቀድሞ በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ ይኖር፣ በአንድ ደጃፍም የብዙ ቤት ልጆች ይጫወቱ ነበር። ከልጆቹ አንዱ አተኩሶት በቀይ ሽፍታ ሲሞላ እናቱ «ኩፍኝ ነው» ብላ ታስተኛዋለች። በሦስተኛው ቀን ድኖ ለጨዋታ ከወጣ ግን ያ ሕመም ምናልባት ሩቤላ ነበር።

ሩቤላ ለልጁ ቀላል ነው፤ መለስተኛ ትኩሳት፣ ሽፍታና ከጆሮ ጀርባ ንፍፊት ያስከትላል፤ ምልክት የማይታይባቸውም ብዙዎች ናቸው። የሚያሳስበን ልጁን አቅፋ የምትስመው ነፍሰ ጡር ናት። ቫይረሱ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ዘንድ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና አንጎል የሚሠሩበት ጊዜ በመሆኑ፣ እናት በዚያ ወቅት ብትያዝ ፅንሱ የመጎዳቱ ዕድል እስከ 90 ከመቶ ይደርሳል። ከ20ኛው ሳምንት ወዲያ ግን ጉዳቱ ብርቅ ነው።

ይህን ያስተዋለው አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. በሲድኒ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ቢበዙበት እናቶቻቸውን ጠየቀ፤ አብዛኞቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሩቤላ ታመው ኖሯል። በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተነሣው ወረርሽኝ 20,000 ያህል ሕፃናት ጉዳቱን ይዘው ተወለዱ። ክትባቱ በዚያ አገር የተፈቀደው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። በ1994 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተደረገ የደም ጥናት እንዳመለከተው፣ በ4 ዓመታቸው ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ፣ በ14 ዓመታቸው ደግሞ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን በሩቤላ ተይዘው ነበር። በልጅነቷ የታመመች ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ስጋቷ እጅግ አነስተኛ ነው። እንግዲህ ያ የግቢ መጨናነቅ፣ ማንም ሳያስበው፣ ሴቶች ልጆችን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ይህ ግን አያዘናጋን። በሽታው በልጆች መካከል መዛመቱ ሲቀንስ ሳይያዙ ለአቅመ ሔዋን የሚደርሱ ይበዛሉ። ክትባትም ለጥቂቶች ብቻ ቢዳረስ ውጤቱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሩቤላ ክትባት የሚጀምር አገር ቢያንስ 80 ከመቶ ለሚሆኑ ሕፃናት ማዳረስ እንዲችል ይመክር የነበረው ስለዚህ ነበር። በጅምር የቀረ ሥራ ካልተጀመረው ሊብስ ይችላል። የኩፍኝ ብቻ የሆነው ክትባት ሩቤላን እንደማይከላከልም አንርሳ።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፤ የዓይኑ ብሌን የነጣ፣ ለድምፅ የማይደነግጥ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ጨቅላ ሲመጣላችሁ፣ እናቱን ስለ መጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጠይቁ፤ ደሙም ይመርመር። ሕፃኑ ቫይረሱን እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ነፍሰ ጡሮች ይጠንቀቁ። መስማት አለመቻሉ በሦስት ዓመቱ የታወቀለት ልጅ ቋንቋ ከሚለምድበት ዘመን ብዙው አምልጦታልና መዘግየት አይገባም። ክትባቱ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የተከተበችም ሴት አንድ ወር ያህል ከማርገዝ ትቆይ።

ከሁሉ በላይ ለእናቲቱ እርግማን እንዳልሆነ፣ ጥፋቷም እንዳልሆነ ንገሯት። ጎረቤት የሚላት ብዙ ነውና እውነቱን ከእኛ አፍ ትስማ። ለተጎዳው ፅንስ የሚመልስ መድኃኒት የለንም፤ ያለን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ብቻ ነው።