በችግር ዘመን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሥራ መንፈስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ሕንፃዎቻችንና ዋንጫ ስላመጣው የእግር ኳስ ቡድናችን ብዙዎች ይናገራሉ። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ግን የተፈቀደልንን ጥቂት ደቂቃ በበዓል ቀን ስማቸው ለማይነሣ ሰዎች ልንሰጥ ወደድን። እነርሱም በቤተ መጻሕፍት የሚሠሩት ናቸው። ክፉ ቀን ሲመጣ የእነዚህ ሰዎች የሥራ መንፈስ በምን ይጠበቃል?

ጥያቄው ከምን እንደ ተነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቤተ መጻሕፍታችን ሦስት ሠራተኞች ነበሩ። ኑሮ ሲከብድ ሁለቱ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ሄዱ፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ዛሬ የሦስቱን ሥራ አንዲት ወይዘሮ ብቻቸውን ይሠራሉ። ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፤ አዲስ መጽሐፍ ከመጣ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ደግሞም «ስልክ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» የሚላቸው ሰው አይጠፋም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተለመደው መድኃኒት «አይዞዎት፤ ይበርቱ፤ ሥራዎ የተከበረ ነው» ማለት ነው። ምክር ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የሚያፈስ ጣሪያ በምክር አይደፈንም።

ከዚህ እጅግ የከፋ ቀን ያየ ቤተ መጻሕፍት በሩሲያ አገር አለ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በያኔው ሌኒንግራድ፥ በዛሬው ሴንት ፒተርስበርግ፥ በ1795 የተመሠረተው ታላቁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። የጀርመን ጦር ከተማይቱን በሴፕቴምበር 1941 ከበባት፤ ከበባውም እስከ ጃንዩዌሪ 1944 ድረስ 872 ቀን ቆየ። በኖቬምበር 1941 ለቢሮ ሠራተኛ የሚታደለው ዳቦ በቀን 125 ግራም ብቻ ሆነ፤ ያውም ዱቄት ያልሆነ ነገር የተቀላቀለበት ዳቦ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም የሚቈጠረው ከዚሁ ምድብ ነበር። መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያው ቀዘቀዘ። ከሠራተኞቹ በከበባው ዘመን ከመቶ የሚበልጡ ሞቱ።

ቤተ መጻሕፍቱ ግን አልተዘጋም። ትልልቆቹ አዳራሾች በብርድ የማያስቀምጡ ሲሆኑ አንባቢዎቹን ወደ ትንሽ ክፍል አዛወሯቸው፤ ሰዎችም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በኩራዝ ብርሃን ያነቡ ነበር። ሠራተኞቹ በየተራ ጣሪያ ላይ እየወጡ ከአውሮፕላን የሚጣለውን የእሳት ቦምብ ይጠብቁ ነበር። ብዙዎቹም ቤታቸው ለመመላለስ ጉልበት ስላነሳቸው እዚያው ያድሩ ነበር።

እነዚህን ሰዎች ምን አቆማቸው? «ያገር ፍቅር ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እውነትም ነው። እኛ ግን ሌላም ነገር እናያለን። ጥያቄ ይመጣላቸው ነበር። ፋብሪካ በቆመበት ከተማ ክብሪት እንዴት ይሠራል? ሻማስ? እርሾ ከምን ይገኛል? ከጦሩም ከከተማውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይላክላቸዋል፤ በረኀብ የደከመችው ሠራተኛም በጨለማ መደርደሪያ መካከል ገብታ መልሱን የያዘውን አሮጌ መጽሐፍ ፈልጋ ታወጣለች። ሥራዋ ከንቱ አለመሆኑን ማንም ሊሰብክላት አላስፈለገም፤ በዐይኗ ታየዋለችና። ከዚህም ሌላ በየግንቡ የተለጠፈውን ማስታወቂያ፥ በራሪ ወረቀቱን፥ የዳቦ ካርዱን ሳይቀር ሰበሰቡ፤ ባለቤቶቻቸው የሞቱባቸውንም መጻሕፍት በበረዶ ላይ በሚጎተት ጋሪ እየሳቡ አመጡ። አንድ ቀን የሚያነብ ትውልድ ይመጣል ብሎ ያላመነ ሰው የዳቦ ካርድ አይሰበስብም።

ወላጆቻችን ሌኒንግራድ ሩቅ ነው ትሉን እንደ ሆነ፥ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነህምያ አለ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ ጠላት በውጭ ይዝት ነበር፤ ሕዝቡ ግን በውስጥ ስለ ረኀብና ስለ ዕዳ ጮኸ። ነህምያ ሥራው እስኪያልቅ ታገሡ አላላቸውም። አበዳሪዎቹን ሰብስቦ ገሠጸ፤ እርሻቸውንና ቤታቸውን አስመለሰላቸው፤ እርሱም ለገዥ የተመደበውን ቀለብ 12 ዓመት ሙሉ ሳይበላ ቀረ። ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልፈውን ምዕራፍ ተመልከቱ፤ የትኛውን የቅጥር ክፍል ማን እንደ ሠራ በየስሙ ተጽፏል፤ ሽቶ ቀማሚው ሳይቀር፥ ከአባታቸው ጋር የሠሩ ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ። እኛ ይህ ምዕራፍ አሰልቺ ነው ከሚሉት ጋር አንስማማም።

በአሜሪካም የኤኮኖሚ ውድቀት በደረሰበት ዘመን፥ ከ1935 እስከ 1943 ድረስ፥ በኬንተኪ ተራሮች መጻሕፍትን በፈረስና በበቅሎ የሚያዞሩ ሠራተኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ደመወዛቸው በወር 28 ዶላር ያህል ነበር። መጽሐፍ ሲያንሳቸው ከተቀደዱ መጽሔቶች እየቈረጡና እየለጠፉ የምግብ አሠራርና የስፌት ንድፍ የያዙ ጥራዞችን ራሳቸው አዘጋጁ። ሠራተኛ በራሱ ሐሳብ እንዲሠራ ሲታመን እጁ አያርፍም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። የበዓሉ ኮሚቴ ለመታሰቢያ የሚሆን የድንጋይ ቅስት በዋናው በር ላይ ሊያሠራ ማሰቡን ሰምተናል። ቅስቱ ያማረ እንደሚሆን አንጠራጠርም። ነገር ግን በአክብሮት እንለምናለን፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ይቅደም። ቅስቱ ሌላ ዓመት ቢሠራ ማንም አይጎዳም፤ የረጠበ መጽሐፍ ግን ሌላ ዓመት አይጠብቅም።

መምህራኖቻችንንም የምንለምነው አለ፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ይመስለናል። በየሳምንቱ መልሱ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ አንድ ጥያቄ ስጡ። ተማሪው ተጨንቆ ወደ ወይዘሮዋ ይሂድ፤ እርሳቸውም ይፈልጉለት። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ይዞ መቀመጥ ማንንም ያደክማል፤ መጠየቅ ግን ያነቃል። እንዲሁም ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል በየቀኑ ሁለት ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ መጻሕፍት በመደርደር ቢያግዟቸው፥ እርሳቸው ቢያንስ ምሳቸውን ተቀምጠው ይበላሉ።

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች ደግሞ አንድ ገጽ እንዲጨምሩልን ጠይቀናል። የመምህራን ፎቶግራፍ ባለበት ክፍል የወይዘሮዋ አልነበረም፤ ሄደው የሠሩት የሁለቱም ስም አልነበረም። አዘጋጆቹ እሺ ብለውናል።

የእኛን ድርሻ በተመለከተ፥ ለስንብት ግብዣ ካዋጣነው ገንዘብ እኩሌታው ለጣሪያው ቆርቆሮ እንዲውል በክፍላችን ስብሰባ ወስነናል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ግብዣውን የሚወድ ብዙ ነው። ገንዘቡ በዲሬክተሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ የጎደለውን የወላጆች ኮሚቴ እንዲሞላልን እንለምናለን። ቆርቆሮው ሰኔ ሳይገባ መመታት አለበት።