ወኪሎቻችን በምን ይሂዱ?



32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2020 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲደረግ መወሰኑን ሰምታችኋል። ከላስታ የሚሄዱት ወኪሎቻችን በአይሮፕላን ይሂዱ የሚሉ አሉ፤ ከላሊበላ አንድ ሰዓት ያህል ነውና። እኛ በሕዝብ አውቶቡስ ይሂዱ እንላለን። በጋሸና፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ወገብም ያማል። ነገር ግን ሃምሳ ስድሳ ሰው ባንድ ሞተር ሲጓዝ ለያንዳንዱ የሚደርሰው ጭስ ከአይሮፕላኑ እጅግ ያነሰ ነው። ደግሞስ ለልደት ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ የሚገባውን ምእመን እያየን ያደግን ልጆች፣ ሁለት ቀን ረዘመብን ብንል ማን ይሰማናል?

የማንሸሽገው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ቆይቷል። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡርም፣ መደበኛ ተሳፋሪ ሳይጭን ዓመታት አልፈዋል። ባቡሩ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባላስፈለገ!

ስለዚህ ማኅበራችን የአውቶቡስ ቲኬትና የደሴ ማደሪያ ብቻ እንዲከፍል፣ መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ ግን እንደገና እንዲመከርበት ድምፃችሁን እንጠይቃለን።