የምስጢር ቁጥርን መጠበቅ



በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ፣ ካራቆሬንም ሲጎዳ ጥፋቱን ሁሉም በዓይኑ አየ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን የብዙዎቻችን ገንዘብ በእጅ ስልካችን ያድራል፤ ሌባውም ድምፁን አለስልሶ በዚያው ይመጣል። «ከባንክ ነው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» ይላል። ባለጠጋው ቢታለል ከብዙው ጥቂት ይጎድልበታል፤ የማሽላ ዘር መግዣዋን የተነጠቀች እናት ግን የዓመት ጉርሷን ታጣለች። አፍራም ዝም ትላለች።

ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ ደጋግመን እንንገር፦ ባንክ የምስጢር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። የተታለለ ሰው ሳይውል ሳያድር ለባንኩና ለፖሊስ ያመልክት። እኛም አንውቀሰው፤ አብረነው እንሂድ።

እግዚአብሔር ለደካማው የምንቆም ያድርገን፤ አሜን።