ካህኑና ፖሊሱ በአንድ ቀበሌ፦ የሰበካ ጉባኤ ድርሻ በወንጀል መከላከል

(በቢቸናና በሞጣ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የታዘዝሁት ርእስ ማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል ነው። በየቀበሌው የሚመደበው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ፣ አማካሪ ምክር ቤቱና የግጭት አፈታት ኮሚቴው ለጆሯችን እንግዳ አይደሉም። ዓላማው ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ጥፋተኛን ከማሳደድ ይልቅ፣ ሕዝቡ ከፖሊስ ጋር ሆኖ የጥፋቱን ምክንያት አስቀድሞ እንዲያርቅ ነው። ሽማግሌ በተፈለገ ጊዜ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያየው መስቀል የያዘውን ነውና፣ እናንተ አባቶች ከዚህ ሥራ ውጭ አልነበራችሁም። እንግዲህ ልንነጋገርበት የሚገባው በዚህ ሥራ ውስጥ ምን እንሠራለን፣ ምንስ አንሠራም የሚለው ነው።

የመጀመሪያው የደም ነገር ነው። በወሰን፣ በውርስ ወይም በመጠጥ ቤት ቃል የተጀመረ ጠብ ነፍስ ያጠፋል፤ አንዱ ሞት ሌላውን ይጠራል። የግድያ ክስ በዕርቅ አይዘጋም፤ የገደለ በሕግ ይጠየቃል። ነገር ግን ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢያስርም በሟች ወንድም ልብ ያለውን ቂም ማሰር አይችልም። ታሳሪው ተፈትቶ ወደ ቀዬው በተመለሰ ቀን የሚሆነውን የሚወስነው ደሙ በዕርቅ መድረቁ ወይም አለመድረቁ ነው። ስለዚህ የፖሊስና የካህን ሥራ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሽምግልና ግን የበደል መሸሸጊያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሴት ልጅ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ፣ በገንዘብ ወይም በጋብቻ እንሸፍነው ሲባል መስቀል ይዞ መቀመጥ አይገባም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ማግባቱ ከቅጣት እንደማያድነው ደንግጓል። ሕጉ የዘጋውን በር ካህን ሊከፍተው አይገባም።

ሁለተኛው ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሆኖም ሰርጉ ተዝካር ወይም የማኅበር ድግስ ተብሎ ይደገሳል፤ ፖሊስም የሚሰማው ሙሽራዪቱ ከሄደች በኋላ ነው። ድግሱ የምን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? ንስሐ አባቷ ነው።

ዕድሜዋ አይታወቅም የሚለው ምክንያትም በእጃችን ባለ መዝገብ ይፈታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገራችን የተጀመረው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች አብዛኞቹ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። ሴት ልጅ ግን በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትናው ቀን በመዝገብ ከተጻፈ የልደቷ ቀን ታወቀ ማለት ነው። መዝገቡን በሥርዓት የሚይዝ ደብር የልጅቱን ዕድሜ ከማንም ይልቅ አስተማማኝ በሆነ ማስረጃ ሊናገር ይችላል። መዝገብ የሌለው ደብር ዛሬ ይጀምር፤ ወጪው አንድ ደብተርና የአንድ ጸሐፊ ትጋት ነው።

አባቶቼ ይፍቀዱልኝና ይህ ነገር የኛን የዲያቆናቱን ቤት ይነካል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ አስቀድሞ በሥርዓት ማግባት አለበት፤ ድንግል የሆነችም ታጭለታለች። ስለዚህ ጥርጥር እንዳይኖር በማለት ሕፃን ልጅ የሚያጩ ቤተሰቦች አሉ። ሥርዓቱ የጠየቀው ድንግልናን እንጂ ሕፃንነትን አይደለም። እኛ ራሳችን ይህን ካላረምን ምእመኑን በምን አፍ እንገሥጻለን?

ሦስተኛው የወሬ ነገር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚህችው በሞጣ ከተማ አራት መስጊዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊም ወገኖቻችን የንግድ ቤቶችም ወደሙ። በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ መባሉ ለጥፋቱ መነሻ እንደሆነ በወቅቱ ተነግሯል። የጎረቤትን ቤት ማቃጠል ለቤተ ክርስቲያን መቆርቆር አይደለም። እንዲህ ባለ ሰዓት የፖሊስ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሕዝቡን ሊያቆም የሚችለው የሚያከብረው አባት ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ግን በዕለቱ ተፈልጎ አይገኝም። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የመስጊዱ ኢማምና የፖሊስ ኃላፊው በሰላሙ ቀን ተዋውቀው፣ ክፉ ወሬ ሲመጣ ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ደወላችንም ከጸሎት ሰዓት ውጭ ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ እንዳይደወል ይሁን፤ የደነገጠ ሕዝብ ደወል ሲሰማ ለምን እንደተጠራ ሳይጠይቅ ይሮጣልና።

በመጨረሻ ስለ ድንበራችን ልናገር። ካህን የፖሊስ ጆሮ አይደለም። በንስሐ የተሰማ ቃል ለማንም አይነገርም፤ ይህ ካልተጠበቀ ምእመኑ ወደ ንስሐ አይመጣም፣ የሚመከርና የሚመለስ በዳይም አይኖርም። ንስሐ አባት ሊያደርግ የሚችለው በዳዩ ራሱ እጁን ለሕግ እንዲሰጥ መምከር፣ የበደለውን እንዲክስ ማዘዝ ነው። በአደባባይ የታየና የተሰማ ነገር ግን ከንስሐ ምሥጢር ጋር አይቀላቀልም፤ ሕፃን ልትዳር ድግስ ሲጣል አይቶ ዝም ማለት ምሥጢር መጠበቅ አይባልም። ፖሊስም ካህኑን የወሬ ምንጭ አድርጎ ከያዘው ሁለቱም በሕዝቡ ዘንድ ያላቸውን አመኔታ ያጣሉ። ይህን ድንበር በአማካሪ ምክር ቤቱ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ በግልጽ ተናግሮ በቃለ ጉባኤ ማስያዝ ይገባል።

ከዚህ ስንመለስ በየሰበካችን ሦስት ነገር እንጀምር፦ የክርስትናውን መዝገብ እናደራጅ፤ ከተክሊልና ከቁርባን በፊት ዕድሜን እናረጋግጥ፤ ከኢማሙና ከፖሊስ ኃላፊው ጋር እንገናኝ። ጌታችን በተራራው ስብከቱ የእግዚአብሔር ልጆች ብሎ የጠራቸው ሰላምን የሚያደርጉትን ነው፤ ያ ስም ለሁላችን ይድረሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።